ጄት ሞተር ጥልቀት በሌለው ወንዝ፦ 40 የፈረስ ጉልበት አምስት ሰው ይሸከማል?

ጥያቄ፦ «4.9 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ አለችኝ። የምትነዳው 40 የፈረስ ጉልበት ባለው ባለ ፕሮፔለር ሞተር ነው። የምመላለስበት ወንዝ ድንጋያማ ነው፤ በበጋ ብዙ ቦታ ላይ ከጉልበት በታች ይሆናል። ፕሮፔለር መቀየር ሰልችቶኛል። የሞተሩን ታችኛ ክፍል አውልቆ በቦታው የጄት ፓምፕ መግጠም እንደሚቻል ሰማሁ፤ ጄት በአራት ጣት ውሃ ላይ ይሄዳል ይባላል። ብቀይረው እንደ በፊቱ አምስት ሰው ጭኜ መሄድ እችላለሁ? ጥገናውስ ይቀንስልኛል?»

ምላሽ፦

በዚህ ሞተር አምስት ሰው ጭነው እንደ በፊቱ መሄድ አይችሉም። ፓምፑ ደካማ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፤ ድንጋያማ ወንዝ ላይ ከፕሮፔለር በብዙ ይሻላል። ነገር ግን ጥያቄዎ «አራት ጣት ውሃ»ን እና «አምስት ሰው»ን ለየብቻ ያያቸዋል። በጄት ሞተር ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጀልባዋ በጥቂት ውሃ ላይ የምታልፈው ፍጥነት አግኝታ ከውሃው ከፍ ብላ ስትንሸራተት ብቻ ነው። ለመነሳት የሚያስፈልጋት ጉልበት ደግሞ በክብደቷ ይወሰናል። ከከበደች አትነሳም፤ ካልተነሳች አራት ጣት የሚባለው ነገር አይሠራም።

መጀመሪያ ጉልበቱ የት እንደሚሄድ ላስረዳ። ሲቀየር የሞተሩ ታችኛ ክፍል ከነማርሾቹና ከነፕሮፔለሩ ይወልቃል። በምትኩ የሚገባው ፓምፕ ማርሽ የለውም፤ ከሞተሩ የሚወርደው ዘንግ ኢምፔለሩን፣ ማለትም በፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ አካል፣ በቀጥታ ያዞራል። ውሃው ከጀልባዋ ሆድ ኋላ፣ የብረት ዘንጎች ወንፊት በተገጠመለት መግቢያ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለ ቤት ውስጥ ይዞርና በጠባብ አፍ ወደ ኋላ ይተፋል። ውሃን ወደ ላይ መሳብ፣ አቅጣጫውን ማስቀየርና በጠባብ አፍ ማስወጣት ሁሉም ጉልበት ይበላሉ። ኪሳራው በጥቅሉ 30 በመቶ ገደማ ነው። አምራቾቹም አይደብቁትም፤ በጄት ሞተሮች ላይ 60/40፣ 90/65፣ 115/80 የሚሉ ጥንድ ቁጥሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የሞተሩ፣ ሁለተኛው ከፓምፑ የሚገኘው ጉልበት ነው። የእርስዎ 40 ፓምፑ ከተገጠመለት በኋላ 28 ያህል ይሆናል። ነዳጅ የሚጠጣው ግን እንደ 40 ነው።

ወንዙ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆነ ሌላም ቅናሽ አለ። ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 1,500 ሜትር ላይ ያ 28 ወደ 24 ይወርዳል ማለት ነው። ፕሮፔለር ቢሆን አነስ ያለ እርምጃ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚጓዘው ርቀት) ያለውን መርጠው ሞተሩ ትክክለኛ ዙሩን እንዲያገኝ ማድረግ ይቻል ነበር። የአውትቦርድ (ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር) ጄት ኢምፔለር ግን ለፓምፑ መጠን ተለክቶ የሚመጣ በመሆኑ እንደዚያ የሚመረጥ ነገር አይደለም።

አሁን ክብደቱን እንደምር። በእርስዎ መጠን ያለች ጀልባ ባዶዋን ወደ 180 ኪሎ፣ ሞተሩ ወደ 95፣ ነዳጁና ባትሪው ወደ 40፣ መልህቁ፣ ገመዱና ጓዙ ሌላ 30 ኪሎ ይሆናሉ። አምስት ሰው በ75 ኪሎ ሲታሰብ 375 ነው። ድምሩ 720 ኪሎ። በ28 ቢካፈል ለአንድ የፈረስ ጉልበት ወደ 26 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ ክብደት ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ ቂጧን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ከፍተኛ ማዕበል እየጎተተች ትሄዳለች እንጂ አትነሳም። በሦስት ሰው ድምሩ 570፣ ለአንድ ጉልበት 20 ኪሎ ነው፤ ይህ ገደቡ ላይ ነው። ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ኢምፔለሩ ስለታም ሆኖ፣ ሰዎቹ ወደ ፊት ከተቀመጡ ትነሳ ይሆናል። በአንጻሩ 60/40 ሞተር ተገጥሞላት ሦስት ሰው ብትይዝ፣ የሞተሩ ተጨማሪ ክብደት ተቆጥሮም ለአንድ ጉልበት 15 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ለሥራ የሚሆን ጄት ጀልባ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አሁን ባለው ፕሮፔለር የሚያደርጉት ቀላል ፈተና አለ። ፕሮፔለር የሚወስደው ጉልበት በግምት የዙሩ ኩብ ነው፤ ስለዚህ 70 በመቶ ጉልበት የሚገኘው በከፍተኛው ዙር 89 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ሞተርዎ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት በደቂቃ 5,500 ዙር የሚሄድ ከሆነ 4,900 ላይ ያለው ጉልበት ጄቱ የሚተውልዎትን ያህል ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ፣ ሊጭኑ ያሰቡትን ክብደት ጭነው፣ ጀልባዋን ካስነሱ በኋላ ዙሩን ወደ 4,900 ይመልሱት። ሳትወርድ መንሸራተቷን ከቀጠለች ተስፋ አለ። አፍንጫዋ ቀስ በቀስ ተነስቶ ቂጧ ከሰመጠ ግን ፓምፑን አይግዙ። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ፓምፕ በዝቅተኛ ፍጥነት ከፕሮፔለር ይበልጥ ደካማ ስለሆነ ከቆመችበት ማስነሳቱ ከዚህ ይከብዳል። ፈተናውን መውደቅ ግን የመጨረሻ መልስ ነው።

ስለ አራት ጣቱ። ሆዷ ለስላሳ የሆነ ቀላል ጀልባ እየተንሸራተተች ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ ማለፏ እውነት ነው። ቆማ ስትንሳፈፍ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የጀልባዎ ሆድ ውሃ የሚነካበት ስፋት 5 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 720 ኪሎ ጭና በአማካይ 14 ሴንቲ ሜትር ትሰምጣለች። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ኋላዋ ወደ 20 ይጠጋል። የፓምፑ እግር ደግሞ ከሆዷ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንጠለጠላል። ስለዚህ ስትቆም ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትፈልጋለች። ከቆመችበት ለመነሳት የሚያስፈልገው ከዚህም ይበልጣል። ከባድ ነዳጅ ሲሰጥ ፓምፑ ከሥሩ ያለውን ውሃ በኃይል ይስባል፤ ወለሉ ቅርብ ከሆነ ጠጠሩንም አብሮ ያነሳዋል። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሌለበት ቦታ ሞተሩን አስነስተው ጉዞ አይጀምሩ። የኢምፔለር ጠርዝ በአብዛኛው የሚበላው ጥልቀት የሌለውን ቦታ በፍጥነት ሲያልፉ ሳይሆን ሲነሱና ሲቆሙ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ አሽከርካሪ አይዋጥለትም፦ ጥልቀት በሌለው ቦታ መሃል ላይ ነዳጅ መቀነስ ከመቀጠል የባሰ ነው። ነዳጁ ሲቀንስ ጀልባዋ ትወርዳለች፣ 8 ሴንቲ ሜትር የሚበቃት የነበረችው 25 ትፈልጋለች፣ ትቀመጣለች። ይባስ ብሎ መሪው ይጠፋል። ፕሮፔለር ያለው ሞተር ታችኛ ክፍሉ ራሱ እንደ መሪ ክንፍ ያገለግላል፤ ጄቱ ይህ የለውም። ጀልባዋን የሚያዞራት የሚወጣው የውሃ ግፊት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲቆም እጀታውን ወዴትም ቢያዞሩት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ድንጋይ ሲያዩ ሰውነት በራሱ የሚያደርገው ነዳጅ መልቀቅ ነው፤ በጄት ግን ነዳጅ ሰጥቶ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ልማድ ሰፊና ጥልቅ ውሃ ላይ ባዶ ጀልባ ይዘው ሳይለማመዱ ሰው አይጫኑ። መውጫ መንገድዎን ሳያዩ ወደ ጠባብ ቦታ በፍጥነት አይግቡ፤ አለዚያ ያለዎት ምርጫ መቀመጥ ወይም መጋጨት ብቻ ይሆናል።

የውሃውን ፊት ማንበብም እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ጫፉ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ወራጁ አቅጣጫ የሚያመለክት ሹል ቅርጽ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን መተላለፊያ ያሳያል። ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ የሚያመለክተው ግን ከሥሩ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል ማለት ነው። ወንዙ ሲታጠፍ ጥልቁ በውጭኛው በኩል ነው፤ የውስጠኛው በኩል አሸዋና ጠጠር ይሰበስባል። የማያውቁትን ክፍል መጀመሪያ ሽቅብ ይሂዱበት፤ ወራጁ ፍጥነትዎን ስለሚቀንስ ቢቀመጡም እንኳ ውሃው ወደ መጡበት ይገፋዎታል።

ፓምፑ በማንኛውም ጀልባ ላይ አይሠራም። የሚፈልገው አየር ያልተቀላቀለበት ውሃ ነው። ከመግቢያው ፊት ለፊት በሆዷ መሃል የሚሄድ ኪል ወይም የተበየደ ዘንግ ካለ፣ ውሃውን እየሰነጠቀ አረፋ ወደ ፓምፑ ይልካል፤ ኢምፔለሩም ውሃውን መጨበጥ ትቶ በአየር ውስጥ ይሽከረከራል። ኪሉ ከኋላ ግድግዳው ወደ ፊት 1 ሜትር ያህል ተቆርጦ ቦታው እንዲለሰልስ ያስፈልጋል። ይህን የጀልባዋን አሠራር በሚያውቅ በያጅ ያሠሩት፤ በአንዳንድ ጀልባዎች ኪሉ ሸክም የሚይዝ አካል ነው። በፓምፑ መስመር ላይ የተገጠመ የጥልቀት መለኪያ ዳሳሽ ወይም የወጣ ሪቬትም ይህንኑ ያደርጋል፤ ወደ ጎን ይወሰድ። ሆዷ ጠፍጣፋ ወይም በመጠኑ ብቻ ሹል የሆነ ጀልባ ተመራጭ ነው። በጣም ሹል ሆድ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ፍጹም ጠፍጣፋው ደግሞ ሲታጠፉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የሆዷ ውፍረት ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ድንጋይ ላይ ብዙ አትቆይም፤ ለዚህ ሥራ የሚሠሩት 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው፣ የተበየዱም እንጂ በሪቬት የተያያዙ አይደሉም።

በየቪዲዮው ድንጋይ እየዘለሉ ሲበሩ የሚታዩት ጀልባዎች ደግሞ አብዛኞቹ ሌላ ዓይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኒው ዚላንዱ ቢል ሃሚልተን ለአገሩ ጥልቀት አልባ ወንዞች ያዳበረው ጄት ሞተሩም ፓምፑም ከጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጡበት ነው፤ መግቢያው ከሆዷ ጋር እኩል ስለሆነ የሚንጠለጠል ነገር የለም። የእርስዎ ከኋላ የሚታሰር ነው። ከሆዷ በታች ዝቅ ያለው የፓምፑ እግር ድንጋይ ቢመታ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በኋላ ግድግዳው ላይ ነው።

አገጣጠሙ ላይ በሰፊው እቆያለሁ፤ «ጄት አይረባም» የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው የተሳሳተ ከፍታ ላይ የገጠሙ ናቸው። ፓምፑ ከፕሮፔለሩ አጭር ስለሆነ ሞተሩ ከነበረበት ከፍ ማለት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር። ለዚህ የኋላ ግድግዳውን በብየዳ ማሳደግ ወይም ከፍ ማድረጊያ ሰሌዳ መግጠም ይቻላል። ሰሌዳ ከመረጡ ሞተሩን ወደ ላይ ብቻ የሚያነሳ ይሁን፤ ወደ ኋላ የሚያርቀው ዓይነት ለፕሮፔለር እንጂ ለጄት አይሆንም፣ ከግድግዳው በራቁ ቁጥር ውሃው አረፋማ ነው። ሞተሩ ከፍ ሲል ግድግዳውን የሚነቀንቀው ኃይልም ይጨምራልና በመቆንጠጫው ብቻ አይተማመኑ፤ በብሎን ተበስቶ ይታሰር። የመሪውና የነዳጁ ገመዶች በአዲሱ ከፍታ ሳይወጠሩ መድረሳቸውንም ይዩ።

መነሻው ልኬት እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ከጀልባዋ ሆድ ሥር አስደግፈው ወደ ኋላ እንዲወጣ ያድርጉ። ሞተሩ በቀጥታ ቆሞ ሳለ የፓምፑ መግቢያ የፊት ጠርዝ ከዚያ መስመር ጋር እኩል ወይም ከጥቂት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ውሃ ይውጡ። ጀልባዋ ያለ ችግር ከተነሳችና ቀጥ ባለ ጉዞ ዙሩ ካልዘለለ ሞተሩን 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይድገሙ። ስትነሳ ወይም ትንሽ ማዕበል ስታቋርጥ ሞተሩ በድንገት መጮህና ጀልባዋ መዘግየት እስኪጀምሩ ይቀጥሉ፤ ያን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር መልሰው ያስሩት። በጠባብ መታጠፊያ ላይ ብቻ ጥቂት ቢጮህ አይጨነቁ። ዝቅ አድርጎ መግጠም አስተማማኝ ይመስላል፤ ግን እግሩ ውሃውን እየቀደደ ይጎትታል፣ ከኋላ ውሃ ይረጫል፣ ድንጋይም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ስትንሸራተት የሞተሩ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በፕሮፔለር እንደሚደረገው አፍንጫዋን ለማንሳት ሞተሩን ወደ ውጭ ማዘንበል የመግቢያውን አፍ ከሚመጣው ውሃ ያዞረዋል፤ አየር ይገባል።

ጥገናው ይቀንሳል ወይ? አይቀንስም፣ ይቀየራል። የፕሮፔለር ጉዳት በአንድ ምት ይመጣል፤ የጄቱ በአሸዋ፣ ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቅ። ኢምፔለሩ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድ ሽፋን ውስጥ ነው የሚዞረው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አሸዋ ሁለቱንም እየበላ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ዙሩ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጀልባዋም ትናንት የተነሳችበትን ጭነት ዛሬ ማንሳት ያቅታታል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ወንፊት ያለው የመግቢያ ቤት በጥቂት ብሎኖች የታሰረ ነው። እሱን ፈትተው፣ የዳዶውን መቆለፊያ ሮንዴላ አቃንተው፣ ዳዶውን ያወልቁ። ከኢምፔለሩ በታች በዳዶው በኩል ከተደረደሩት ስስ ሮንዴላዎች አንድ ወይም ሁለቱን ወደ ላይኛው በኩል ያዛውሩ። ኢምፔለሩ ወደ ጠባቡ የሽፋኑ ክፍል ይወርዳል፣ ክፍተቱም ይጠባል። መልሰው ሲያስሩ በእጅ አዙረው የትም እንደማይነካ ያረጋግጡ፤ ዙሪያውንም በስስ መለኪያ ይለኩ። የሚዛወር ሮንዴላ ካለቀ ሽፋኑ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።

የኢምፔለሩ የፊት ጠርዞችም ይታዩ። በጠጠር ተነካክሰው ከደነዘዙ ጀልባዋ በመነሻዋ ላይ ትቸገራለች። በሞረድ ይሳሉ፤ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ስለት ሳይሆን 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ክብነት እስኪቀረው። ብረቱ የሚነሳው ከታችኛው ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። ውሃውን የሚያነሳውን የላይኛውን ገጽ ቅርጽ አይንኩ፤ ከተነካ ኢምፔለሩ ተበላሸ። ከሁሉም ክንፎች እኩል ያንሱ፤ አለዚያ ይንቀጠቀጣል። አሉሚኒየሙ ኢምፔለር በቀላሉ ይሳላል፣ ቶሎም ያልቃል። የማይዝገው ብረት ብዙ ይቆያል፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን ድንጋይ በመሃል ሲያዝ ጉዳቱን ለሽፋኑ ያስተላልፋል። ለጠጠራማ ወንዝ የማይዝገውን፣ ለመጠባበቂያ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ።

ግሪሱ ቀልድ የለውም። የዘንጉ ኩሽኔታ ውሃ አጠገብ ነው የሚሠራው፤ ውሃ የሚቋቋም ግሪስ በየ10 ሰዓቱ ጉዞ ይፈልጋል። ከመተንፈሻው ቱቦ እስኪወጣ ይግፉት። በየ30 ሰዓቱ እርጥበቱን ጠራርጎ እንዲያወጣ ተጨማሪ ይግፉና የወጣውን ይዩት። ነጣ ነጣ እያለ እርጥበት ከጨመረ ፓራኦሊዮው (ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው ቀለበት) እያለቀ ነው። ወደ ጥቁር ግራጫ ከተቀየረ ኩሽኔታው ይከፈት። ግሪሱን ከጉዞ መልስ እንጂ ከጉዞ በፊት አይስጡ፤ የገባ ውሃ ካለ ብረቱን ሌሊቱን ሙሉ እንዳያዝገው ያን ዕለት መውጣት አለበት። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃም ከዚያው አሸዋማ ውሃ ነው የሚመጣው። ከጎን በኩል የሚረጨው ቀጭን ውሃ ከደከመ ወይም ከቆመ ሞተሩን ያጥፉ፤ ከአሸዋ ላይ ከተላቀቁ በኋላ ሁሉ እሱን ማየት ልማድ ይሁን።

ኢምፔለሩ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል፤ እውነተኛ ፎሌ የለም። ከአፉ ፊት የምትወርደው ክዳን ግፊቱን ግማሽ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ በመክፈል ጀልባዋን ባለችበት ታቆያለች፤ ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ የኋላ ማርሽ ይሆናል፣ እሱም ደካማ ነው። ስለዚህ ሰው ውሃ ውስጥ ካለ፣ ገመድ ኋላ ከተንጠለጠለ፣ ልጆች ከጀልባዋ ጎን ከገቡ ሞተሩ ይጥፋ። ፕሮፔለር የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም፤ መግቢያው ፀጉርና ልብስ ይስባል። ወንፊቱ በቅጠል ወይም በሣር ሲታፈን ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ትዘገያለች። ወደ ዳር ይጠጉ፣ ያጥፉ፣ ከአሽከርካሪው ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ ይንቀሉ፣ ከዚያ ብቻ እጅ ይግባ። ሣር የሞላው ወንዝ ከሆነ፣ ይህን በየጥቂት ደቂቃው ማድረግ ስለሚጠይቅ ጄት አይሆንዎትም ብዬ ባጭሩ እመልሳለሁ። ለጭቃማና ሣራማ ውሃ ረጅም ዘንግ ያለው አየር በሚያቀዘቅዘው ሞተር የሚነዳ ፕሮፔለር ይሻላል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ሲሄድ ግን ሣሩን እየቆረጠ ያልፋል።

ሌላው አማራጭ ፕሮፔለርዎን ይዘው ሆዷ ከኋላ በኩል ቦይ ያላት ጀልባ መጠቀም ነው። በቦዩ ውስጥ ውሃው ከፍ ስለሚል ፕሮፔለሩም ከፍ ብሎ ይታሰራል። ጉልበት ብዙም አይባክንም፤ አምስቱንም ሰው ትሸከማለች። የምትፈልገው ውሃ ግን ከጄቱ ይበልጣል፣ ድንጋይም አሁንም ፕሮፔለሩን ያገኘዋል። ለአሸዋማ ወንዝ ጥሩ፣ ለእርስዎ ድንጋያማ ወንዝ ግማሽ መፍትሔ ናት።

ምክሬ ይህ ነው። በ40ው ላይ የጄት ፓምፕ አይግጠሙ። በመጀመሪያ ከወንዙ በጣም ጥልቀት የሌለውን ቦታ በበጋ በእግር ገብተው ይለኩት፤ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከወለሉ ጎልተው የወጡትን ድንጋዮች። ድንጋዮቹ አናት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከሌለ፣ በየትኛውም ሞተር ያን ቦታ ጀልባ በመጎተት ይለፉት። ካለና ጥልቀት የሌለው ቦታ ረጅም ከሆነ፣ የጀልባዋ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የጉልበትና የክብደት ጣሪያ የሚፈቅድ መሆኑን አይተው፣ ከነፓምፑ ከፋብሪካ የወጣ ወይም ለሞዴሉና ለተሠራበት ዓመት ተለክቶ የሚመጣ ፓምፕ የተገጠመለት 60/40 ይያዙ፤ ጭነቱም ከሦስት ሰው አይለፍ። አምስት ሰው የግድ ከሆነ 115/80 እና እሱን መሸከም የሚችል ሰፊና ወፍራም የተበየደ ጀልባ ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ጀልባ መግዛት ነው እንጂ የእርስዎን ማሻሻል አይደለም። በጥቂት ቦታ ብቻ፣ ለአጭር ርቀት የሚቸገሩ ከሆነ ግን ፕሮፔለሩን ይዘው ይቆዩ፤ እነዚያ ቦታዎች ላይ ሞተሩን አንስተው በረጅም ዱላ እየገፉ ማለፍ ከሁሉም ርካሽ ነው።

60/40 ከያዙ ነዳጁን አሁን ከለመዱት በላይ ያስቡ፤ ሙሉ ሲነዳ በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ ጄት ደግሞ በዝግታ ሄዶ ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር አይደለም። ከጀልባዋ የማይለዩት ዕቃዎች፦ ሁለት መቅዘፊያ፣ አንድ ረጅም ዱላ፣ ከፊት የሚጣል መልህቅ ከረጅም ገመድ ጋር፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ የግሪስ ፓምፕ፣ ሞረድ፣ የኢምፔለሩን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ፣ ትርፍ መቆለፊያ ሮንዴላ፣ እንዲሁም ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ለስላሳ ብረት፣ ኪያቬታዋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ። ድንጋይ ኢምፔለሩን ሲይዘው ዘንጉ እንዳይሰበር እሷ ትቆረጣለች። ሞተሩ በሙሉ ድምፅ እየሠራ ጀልባዋ ፈጽሞ ካልተገፋች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በጠንካራ ብረት አይተኳት፤ በሚቀጥለው ድንጋይ የሚቆረጠው ዘንጉ ይሆናል።